የጣሊያንኛ ቃል የት ይከፈላል፣ የት ይጠነክራል? የካርድ ሥራዬ ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት

ጣሊያንኛ ለሚማሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የቃላት ካርድ እየሠራሁ ነው። በካርዱ ፊት ቃሉ ጣሊያኖች እንደሚጽፉት ይቀመጣል። በጀርባው ደግሞ ተከፋፍሎ በፊደላችን ይጻፋል፣ የትኛው ክፍል ላይ ድምፁ እንደሚጠነክርም ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ ድምፅ ይገባበታል። ስልክ ላይ አንኪ በሚባል የካርድ ማጥኛ መተግበሪያ ይከፈታል። አንኪ ለማይመቸው በወፍራም ወረቀት አትሜ እሰጣለሁ።

እዚህ ቦሎኛ ቅዳሜ ከሰዓት አብረን የምናጠና ልጆች አሉ። ሰዋስዉን ጥሩ አድርገው ይዘውታል፣ ግስ ያረባሉ፣ ጽሑፍ ያነባሉ። ሱቅ ገብተው ሲናገሩ ግን ባለሱቁ «ኮሜ?» ይላቸዋል። አንዷ ስኳር ልትገዛ ሄዳ «ዙክ-'ኬ-ሮ» አለች፣ ሰውየው አልገባውም። ጣሊያኖች የሚሉት «'ዙክ-ኬ-ሮ» ነው። ፊደሎቹ ሁሉ በቦታቸው ነበሩ፣ ጉልበቱ ያረፈበት ቦታ ብቻ ነው የተለየው። የጣሊያን ጆሮ ቃሉን የሚለየው በዚያች ቦታ ስለሆነ እሷ ከተዛወረች ሌላው ሁሉ ትክክል ቢሆንም ብዙ አይረዳም።

ስለ አጻጻፌ፦ ከፊቱ ይህቺን (') ጭረት ያደረግሁበት ክፍል ጠንክሮ የሚወጣው ነው። ክፍሉን ቀለም እለዋለሁ፣ የግጥም ስንኝ ስንቆጥር እንደምንለው። ጥንካሬውን ጫና እለዋለሁ።

የቃላቱን ዝርዝር ከባዶ አልጀመርኩም። ቱሊዮ ዴ ማውሮ የሚባል የቋንቋ ሊቅ በ1980 የጣሊያንኛን መሠረታዊ ቃላት ለይቶ አውጥቷል። ጠቅላላው ወደ 7000 ይሆናል፣ ከሁሉ የበለጠ የሚዘወተረው እምብርቱ ግን 2000 ገደማ ነው። ከእምብርቱ እጀምርና ልጆቹ በየቀኑ የሚገጥሟቸውን የከተማና የጣቢያ ስሞች እጨምራለሁ።

እሑድ

ክፍፍሉን ለፕሮግራም ሰጠሁት። በፓይተን የተጻፈ አጭር ነገር ነው፣ ቃል ይቀበላል፣ ሰረዝ እያስገባ ይመልሳል።

ከሁሉ የሚቀለው አንድ ተነባቢ በሁለት አናባቢ መሃል ሲገባ ነው። ተነባቢው ወደሚቀጥለው ይሄዳል፦ 'ካ-ሳ፣ አ-'ሞ-ሬ፣ 'ታ-ቮ-ሎ። እዚህ ላይ የኛ ፊደል ልክ ይገጥማል፣ አንድ ፊደል አንድ ቀለም። በላቲን ሆሄ መቁረጫውን ሲፈልጉ የሚቸገሩ ልጆች በፊደል ሲያዩት ጥያቄም የላቸውም።

ድርብ ተነባቢ ለሁለት ይካፈላል፦ 'ማም-ማ፣ 'ጋት-ቶ፣ 'ፓል-ላ። ውሃ በሲ እና በኪው ነው የሚጻፈው፣ ሁለቱ ሆሄያት የተለያዩ ቢሆኑም ድምፃቸው አንድ ስለሆነ እሱም እንደ ድርብ ይቆረጣል፣ 'አክ-ኳ። ኤል፣ ኤም፣ ኤን እና አር ሌላ ተነባቢ ሲከተላቸው ከፊተኛው ቀለም ጋር ይቀራሉ፦ 'ካን-ቶ፣ 'ካም-ፖ፣ ፓር-'ላ-ሬ። ኤል ወይም አር ራሷ ከኋላ ከመጣች ግን ጥንዱ አይለያይም፦ 'ሊ-ብሮ፣ 'ማ-ድሬ፣ አ-'ፕሪ-ሌ። ሦስት ሲደረደሩ ሁለቱ ሕጎች አብረው ይሠራሉ፦ 'ሴም-ፕሬ፣ 'አል-ትሮ። ከግሪክ የመጡት አስቸጋሪ ጥንዶች ይለያያሉ፦ 'ሪት-ሞ፣ 'ቴክ-ኒ-ኮ።

አንድ ድምፅ ሆነው በሁለት ወይም በሦስት ሆሄ የሚጻፉትን ፕሮግራሙ ገና ከመጀመሪያው በአንድ ምልክት ይተካቸዋል፣ ካልተተኩ መሃላቸውን ይሰነጥቃል። ፊደላችን ኝ፣ ሽ እና ች ስላሉት በካርዱ ጀርባ ችግሩ የለም፦ 'ባ-ኞ፣ ላ-'ሳ-ኛ፣ 'ፔ-ሼ። በመደበኛው አነባበብ ግን ኝ እና ሽ በአናባቢዎች መሃል ሲገቡ ጠብቀው ነው የሚወጡት፣ 'ባኝ-ኞ ያህል። በጽሑፍ አይቆረጡም፣ በአፍ ይጠብቃሉ። ካርዱ ላይ የጽሑፉን አቆራረጥ አስቀምጬ መጥበቁን ለድምፁ ተውኩት።

ማክሰኞ ማታ

የኤስ ነገር። ዛሬ ሌላ ምንም አልነካሁም።

ጣሊያን ውስጥ ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ የሚያውቀው ሕግ አለ፣ ኤስ ከሌላ ተነባቢ በፊት ስትመጣ ወደሚቀጥለው ቀለም ትሄዳለች። ስለዚህ 'ፓ-ስታ፣ ፊ-'ኔ-ስትራ፣ 'ኩዌ-ስቶ። በመስመር መጨረሻ ቃል ሲቆረጥም እንዲሁ ነው። ሕጉ ግልጽ ነው፣ ለፕሮግራምም ምቹ።

ድምፅ የሚያጠኑ ሰዎች ግን ብዙዎቹ ኤሷ የፊተኛውን ቀለም ትዘጋለች ይላሉ፣ 'ፓስ-ታ። እኔም በጆሮዬ የምሰማው ይህንን ነው፣ ማስረጃቸውም ጠንካራ ነው። በጣሊያንኛ ጫና ያረፈበት ቀለም በአናባቢ የሚያልቅ ከሆነ፣ የቃሉ መጨረሻም ካልሆነ፣ አናባቢው ይረዝማል። 'ካ-ሳ ሲሉ የመጀመሪያው አ ረጅም ነው። 'ጋት-ቶ ሲሉ አጭር ነው፣ ቀለሙ ተዘግቷልና። ፓስታ ላይ ያለው አ እንደ ጋትቶ አጭር ነው። ቀለሙ ክፍት ቢሆን ኖሮ ይረዝም ነበር።

ሁለተኛው ማስረጃ የወንድ ፆታ መስተአምሩ ነው፣ ከስም ፊት የምትቀመጠው ትንሽ ቃል። ኢል ሊብሮ ይባላል፣ ግን ሎ ስቱዴንቴ እንጂ ኢል ስቱዴንቴ አይባልም። ኤሷ የምትደገፍበት አናባቢ ከፊቷ ትፈልጋለች።

ይህንን ሳነብ የኛው ምላስ ትዝ አለኝ። ስፖርት ብለን እንጽፋለን፣ ስናወራ ግን ብዙዎቻችን እስፖርት ነው የምንለው። እ ጨምረን ኤሷን ከፊተኛው ቀለም ጋር እናስራታለን፣ እስ-ፖርት። ጣሊያኖች በመስተአምር የሚያደርጉትን እኛ በእ እናደርገዋለን። ችግሩ እ ጣሊያንኛ ውስጥ የለችም፣ ልጆቹ ደግሞ «ሎ እስቱዴንቴ» ይላሉ። እንዲህ ዓይነት ቃል ያለበት ካርድ ሁሉ መስተአምሩን አብሮ እንዲይዝ ወሰንኩ። የሎ ኦ ለኤሷ መደገፊያ ከሆነች እ የምትገባበት ቦታ አይኖርም፣ «ሎስ-ቱ-'ዴን-ቴ» ብለው አንድ ላይ ይሉታል። ከልጆቹ ጋር ሞከርነው፣ ሠራ።

ጀርባው ላይ የትምህርት ቤቱን አቆራረጥ አስቀምጣለሁ፣ ፈተና ላይ የሚጠየቁት እሱ ነው። ስናጠና ግን የፓስታ አ አጭር እንደሆነ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ።

ሐሙስ

አናባቢዎች። እዚህ ጋ ፕሮግራሙ ቆመ።

አ፣ ኤ እና ኦ ጠንካሮቹ ናቸው። ሁለት ጠንካሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ ይለያያሉ፦ ፖ-'ኤ-ታ፣ ፓ-'ኤ-ዜ፣ ቴ-'አ-ትሮ፣ ሌ-'ኦ-ኔ። ኢ እና ኡ ደካሞች ናቸው፣ ከጠንካራ ጋር ሲሆኑ ይዋሃዳሉ፦ 'ፒያ-ኖ፣ 'አው-ቶ፣ ኤው-'ሮ-ፓ። እስከዚህ ጥሩ ነው። ጫናው ራሷ ኢ ወይም ኡ ላይ ሲያርፍ ግን ደካማዋ ራሷን ችላ ትቆማለች፦ ማ-'ሪ-አ፣ 'ዚ-ኦ፣ ፓ-'ኡ-ራ።

ፕሮግራሙ ጫናው የት እንዳለ በምን ያውቃል? በጽሑፉ ላይ የለም። ሸሚዝ እና መድኃኒት ቤትን እንውሰድ። ሁለቱም በሲ፣ በኢ እና በአ ያልቃሉ፣ በዓይን ምንም ልዩነት የላቸውም። ሸሚዝ ካ-'ሚ-ቻ ነው፣ ሦስት ቀለም፣ ኢዋም አትነበብም፣ ሲዋ እንደ ች እንድትነበብ ብቻ ነው የገባችው። መድኃኒት ቤት ደግሞ ፋር-ማ-'ቺ-አ ነው፣ አራት ቀለም፣ ኢዋ የጫናው ባለቤት ናት። ሻንጣ እና ውሸትም እንደዚያው፣ ቫ-'ሊ-ጃ እና ቡ-'ጂ-አ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ሥራውን ስጀምር መጀመሪያ ይቆረጣል፣ ቀጥሎ ጫናው ይቀመጣል የሚል ሐሳብ ነበር፣ የሰዋስው መጻሕፍትም የሚያስተምሩት በዚህ ቅደም ተከተል ነው። አናባቢ የተደራረበበት ቃል ግን ጫናው ካልታወቀ አይቆረጥም።

ለመጽሐፍ አቀማመጥ የሚያገለግለው ቴክ የጣሊያንኛ መቁረጫ እንዳለው ስለማውቅ እሱንም አየሁት። ዘዴው ፍራንክ ሊያንግ በ1983 በስታንፎርድ የመመረቂያ ሥራው ላይ ያቀረበው ነው፣ የጣሊያንኛውን ቅንብር ያዘጋጀው ደግሞ የቶሪኖው ክላውዲዮ ቤካሪ ነው። በጣም ጥሩ ይሠራል፣ ግን በተከታታይ አናባቢዎች መሃል ከመቁረጥ ይቆጠባል። ፖኤታን ፖኤ-ታ ብሎ ይተወዋል። ለመስመር መጨረሻ ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፣ አታሚ ቀለም አይቆጥርም፣ መስመሩ አምሮ እንዲያልቅ ነው የሚፈልገው። የኔ ልጆች ግን እያንዳንዱን ቀለም መስማት አለባቸው፣ ስለዚህ የራሴን ይዤ ቀጠልኩ።

ቅዳሜ፣ ከጥናት በኋላ

ሠንጠረዡ ላይ የጫና ዓምድ ጨመርኩ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ እሱን ይሞላል፣ ቀጥሎ ይቆርጣል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የተጻፈ ምልክት አለ ወይ የሚል ነው። ጣሊያንኛ የግድ የሚጽፈው ጫናው የመጨረሻው ቀለም ላይ ሲሆን ነው፦ ቺት-'ታ፣ ካፍ-'ፌ፣ ፔር-'ኬ፣ ኡ-ኒ-ቬር-ሲ-'ታ። ምልክቱ ካለ ጉዳዩ አለቀ። እግረ መንገድ፣ የምልክቱ አዘማመምም ይለያያል፣ የካፌ ኤ ሰፋ ያለች፣ የፔርኬ ኤ ጠበብ ያለች ናት።

ምልክት ከሌለ ከመጨረሻው አንድ ቀደም ብሎ ያለውን ቀለም እንወስዳለን። ከጣሊያንኛ ቃላት አብዛኞቹ እንደዚህ ናቸው፦ ሚ-'ላ-ኖ፣ ራ-'ጋት-ሶ፣ ፊ-'ኔ-ስትራ፣ ላ-'ቮ-ሮ። በተለይ ያ ቀለም በተነባቢ የተዘጋ ከሆነ ጫናው እዚያ ነው ብሎ መተማመን ይቻላል። ከሕጉ ያፈነገጡ ጥቂቶች አሉ፣ ከተሞቹ 'ታ-ራን-ቶ እና 'ኦ-ትራን-ቶ፣ ለውዝም 'ማን-ዶር-ላ። ልጆቹ ታራንቶን ሲያዩ ወዲያው «ታ-'ራን-ቶ» አሉ፣ ሕጉን በደንብ ይዘዋል ማለት ነው። ጥቂቶቹን ለብቻ በቀይ ወረቀት አተምኳቸው።

ከዚያ መድረሻዎቹ ይመጣሉ፣ ብዙ ሥራ የሚያቀልሉት እነሱ ናቸው። ስታት-'ሲዮ-ኔ፣ ሌት-'ሲዮ-ኔ ዓይነቶቹ ሁሉ ጫናቸው አንድ ቦታ ነው፣ በሜንቴ የሚያልቁትም፦ ቬ-ራ-'ሜን-ቴ። በኢሲሞ የሚያልቁት ከመጨረሻ ሦስተኛው ላይ ናቸው፦ ቤል-'ሊስ-ሲ-ሞ። ፖስ-'ሲ-ቢ-ሌ እና መሰሎቹ፣ ፎ-'ቶ-ግራ-ፎ እና መሰሎቹም እንዲሁ። በኢኮ የሚያልቁት ግን አይታመኑም። 'ሜ-ዲ-ኮ እና 'ፑብ-ብሊ-ኮ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ አ-'ሚ-ኮ፣ አን-'ቲ-ኮ እና ኔ-'ሚ-ኮ አይሄዱም።

የቀረው በእጅ ነው። 'ታ-ቮ-ሎ፣ 'ኑ-ሜ-ሮ፣ 'ካ-ሜ-ራ፣ ቴ-'ሌ-ፎ-ኖ፣ 'ሙ-ዚ-ካ። ጣሊያኖች ዝድሩቾሌ የሚሏቸው እነዚህ ናቸው፣ ከመጨረሻ ሦስተኛው ቀለም ላይ ጫና ያላቸው። የሚያሳውቅ ምልክት የለም፣ መዝገበ ቃላት ከፍቶ አንድ በአንድ ማየት ነው። አሰልቺ ሥራ ነው ብሎ መዝለል አይቻልም፣ ካርዱ የሚጠቅመው በትክክል ለነዚህ ነው።

ዛሬ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ልጆቹ በጣም የሚቸገሩት በማያውቁት ቃል አይደለም፣ ከአማርኛ በሚያውቁት ነው። መኪና እና ፋብሪካ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፣ ግን በኛ ዜማ ነው የኖሩት። 'ማክ-ኪ-ና ለማለት ኪው ላይ መቆምን መተው፣ ክውን ማጥበቅ፣ ጉልበቱን ወደ ፊት ማምጣት ያስፈልጋል። 'ፋብ-ብሪ-ካም እንደዚያው። ጎማ ግን ምንም አላስቸገራቸውም፣ አማርኛውም ማውን ያጠብቃል፣ 'ጎም-ማ። እነዚህን ለብቻቸው አንድ ጥቅል አደርጋቸዋለሁ።

ሰኞ

ግሶች። የግሱ ጥቅል ከሁሉ የምወደው ነው።

ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት የተጻፈ ቃል የመጀመሪያው ካርድ ላይ አስቀመጥኩ። 'ካ-ፒ-ታ-ኖ፣ ይከሰታሉ። ካ-ፒ-'ታ-ኖ፣ ካፒቴን። ካ-ፒ-ታ-'ኖ፣ መራ፣ በካፒቴንነት። ሦስተኛው ብቻ መጨረሻው ላይ ምልክት አለው፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የሚለየው ዐረፍተ ነገሩ ነው። 'አን-ኮ-ራ መልሕቅ፣ አን-'ኮ-ራ እንደገና። 'ሱ-ቢ-ቶ አሁኑኑ፣ ሱ-'ቢ-ቶ የደረሰበት። በአማርኛ አንድን ቃል ከሌላው በጫና አንለይም፣ ስለዚህ ልጆቹ መጀመሪያ ልዩነቱ ይህን ያህል ትርጉም እንዳለው አያምኑም። ይህ ካርድ ያሳምናቸዋል።

ከነሱ አንዷ «ጋሼ፣ ታዲያ ካልተጻፈ በምን ልወቀው?» አለችኝ። በአሬ እና በኢሬ የሚያልቁት አያስቸግሩሽም አልኳት፣ ሁልጊዜ እዚያው መድረሻቸው ላይ ናቸው፦ ፓር-'ላ-ሬ፣ ዶር-'ሚ-ሬ። በኤሬ የሚያልቁት ሁለት ዓይነት ናቸው። ቬ-'ዴ-ሬ፣ ሳ-'ፔ-ሬ እና ዶ-'ቬ-ሬ አንድ ወገን፣ 'ፕሬን-ዴ-ሬ፣ 'ስክሪ-ቬ-ሬ እና 'ሌጅ-ጄ-ሬ ሌላ ወገን። እነሱን ከቃሉ ጋር ማጥናት ነው፣ ሌላ መንገድ የላቸውም።

ለብዙ ቁጥር ሦስተኛ መደብ ግን ጥሩ መላ አለ። «እኔ» ከሚለው ተነሺ። 'አ-ቢ-ቶ፣ እኖራለሁ፤ ስለዚህ 'አ-ቢ-ታ-ኖ፣ ይኖራሉ። ቴ-'ሌ-ፎ-ኖ፣ እደውላለሁ፤ ስለዚህ ቴ-'ሌ-ፎ-ና-ኖ። ጫናው ከቦታው አይነቃነቅም፣ ቃሉ ብቻ ከኋላው ይረዝማል። ከግስ ጋር የሚጣበቁት ትንንሽ ተውላጠ ስሞችም አያነቃንቁትም፦ ቴ-'ሌ-ፎ-ና-ሚ፣ ደውልልኝ። 'ፋብ-ብሪ-ካ-ሜ-ሎ፣ እሱን ሥራልኝ፤ አምስት ቀለም ሆኖ ጫናው የመጀመሪያው ላይ ነው። ይሄንን ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ሊሉት ይሽቀዳደማሉ።

ረቡዕ

ድምፅ ቀረጻ። ከላይኛው ፎቅ ያሉ ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ወጥ ቤታቸው ቁጭ ብለው ያነቡልኛል፣ እኔ በስልክ እቀዳለሁ። ዛሬ የከተሞቹ ተራ ነበር።

ባቡር ለሚሳፈር ሰው ይህ ጥቅል ከሁሉ ይጠቅማል። 'ቤር-ጋ-ሞ፣ 'ሞ-ዴ-ና፣ 'ፓ-ዶ-ቫ፣ 'ጄ-ኖ-ቫ፣ 'ሪ-ሚ-ኒ፣ 'ብሪን-ዲ-ዚ፣ 'ኡ-ዲ-ኔ፣ 'ና-ፖ-ሊ። ሁሉም ከመጨረሻ ሦስተኛው ላይ ናቸው፣ ካርታው ላይ አንዳቸውም ምልክት የላቸውም። መጨረሻው ላይ የሚጠነክሩት ቢያንስ ይጻፍባቸዋል፣ ፎር-'ሊ እና ቼ-ፋ-'ሉ። ሰርዲኒያ ላይ ያለችው 'ኑ-ኦ-ሮ ላይ ጎረቤቴ ቆም አሉ፣ ሰው «'ኑዎ-ሮ» ይላል፣ ትክክለኛው ግን ኡዋ ለብቻዋ ናት አሉኝ። የክልል ስም በሆነው ፍሪ-'ኡ-ሊ ላይ ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሦስቴ ደገሙት፣ ጫናውን ወደ ፊት የሚያመጣ ጣሊያናዊ ብዙ ነውና።

ጣሊያኖቹም ራሳቸው የሚከራከሩባቸው ቃላት አሉ። የስልክ ማውጫ ሩ-'ብሪ-ካ ነው፣ ብዙ ሰው 'ሩ-ብሪ-ካ ይላል። የዳቦ ውስጡ ሞል-'ሊ-ካ ነው። የኖቤል ሽልማት ኖ-'ቤል ነው። የግንባታ ሠራተኛ ኤ-'ዲ-ሌ ነው፣ 'ኤ-ዲ-ሌ የሚለው ብዙ ቢሆንም። ይሄኛውን ሆን ብዬ ጨመርኩት፣ ከልጆቹ በዚህ ሥራ የተሰማሩ አሉና ቀጣሪያቸው ፊት በትክክል ሲሉት ደስ ይለኛል። ጥርጣሬ ሲኖር ራይ የተባለውን የጣሊያን ብሔራዊ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያ የአነባበብ መዝገበ ቃላት እንከፍታለን። በ1969 መጀመሪያ የወጣ ነው፣ ዛሬ በኢንተርኔት ላይ ይገኛል።

ዓርብ ሌሊት

የመጨረሻው ጥያቄ የፊደሉ ነው። መጥበቅን እንዴት ልጻፈው?

መጥበቅና መላላት የኛው ነገር ነው። ገና ላልቶ እና ገና ጠብቆ፣ አለ ላልቶ እና አለ ጠብቆ፣ ማንም አማርኛ ተናጋሪ አይሳሳትበትም። ጣሊያንኛን የሚማሩ ሌሎች ብዙዎች ላባቸውን የሚያፈሱበትን ነገር እኛ በእናታችን ቋንቋ እናውቀዋለን። ፊደላችን ግን አይጽፈውም። የጥንቱ መላ ከፊደሉ በላይ ሁለት ነጥብ ማስቀመጥ ነው፣ ዩኒኮድም ለእሱ ቦታ ሰጥቶታል። ሞከርኩት። ኮምፒውተር ላይ ያምራል፣ ከልጆቹ ስልኮች አንዳንዶቹ ላይ ግን ነጥቦቹ ተንሳፍፈው ሌላ ፊደል ላይ ያርፋሉ። ስለዚህ እስካሁን እንደጻፍኩት ሳድሱን በፊተኛው ቀለም መጨረሻ አደርጋለሁ። አቆራረጡንም መጥበቁንም አንድ ላይ ያሳያል።

የመጨረሻው ጥቅል በዚህ ተሠራ። 'ፓ-ላ አካፋ፣ 'ፓል-ላ ኳስ። 'ሴ-ቴ ጥማት፣ 'ሴት-ቴ ሰባት። 'ካ-ሮ ውድ፣ 'ካር-ሮ ጋሪ። 'ኖ-ኖ ዘጠነኛ፣ 'ኖን-ኖ ወንድ አያት። ካርዱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ጻፍኩ፦ ወይ አናባቢውን ጎትት፣ ወይ ተነባቢውን አጥብቅ። ልጆቹ ማጥበቁን ያውቁታል፣ መጎተቱ ነው የሚቀራቸው። «'ኖ-ኖ» ሲሉ የመጀመሪያውን ኦ አሳጥረው ስለሚሉት ጣሊያኑ አያቱን ይፈልጋል።

የሰፊና የጠባብ ኤ እና ኦ ጉዳይ ካርዱ ላይ አልገባም። ጫና ያለበት ቀለም ላይ ብቻ የሚታይ ልዩነት ነው፣ ፔስካ በሰፊው ኤ ኮክ፣ በጠባቡ ዓሣ ማጥመድ። ግን የቦሎኛ ሰውና የሮም ሰው ራሳቸው አይስማሙበትም፣ የሚሰማቸውም ያለችግር ይረዳቸዋል። ለጀማሪ መጀመሪያ ጫናው ይቅደም።

የስሞቹና የከተሞቹ ጥቅል አንኪ ላይ ተጭኗል፣ ልጆቹ እያወረዱት ነው። የኤሬ ግሶች ነገ ከጎረቤቴ ጋር ይቀረጻሉ፣ ወረቀቱም ተቆርጦ አልቋል።